ሉፑ እምቢ ሲላችሁ፦ በአንሲብል ውስጥ የትኛው መውጫ መንገድ ለማን ይሻላል?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ኮምቦልቻ ላለው ሰርቨራችን አንድ ፕሌይቡክ እየጻፍኩ ነበር። አንሲብል ማሽኖችን ከሩቅ የሚያሰናዳ መሣሪያ ነው፣ ፕሌይቡክ ደግሞ ምን እንዲሠራ የምንጽፍለት ፋይል። ሥራው ቀላል ነው። ሰባት ክፍሎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ግሩፕ መፍጠር፣ የጋራ ፎልደር መክፈት፣ ፈቃዱን ማስተካከል፣ የማታ ባክአፕ ማስያዝ። አራቱን ታስክ (ነጠላ ሥራ) አንድ ብሎክ (የታስኮች ጥቅል) ውስጥ ከተትኩና ብሎኩ ላይ ሉፕ (ለዝርዝሩ በተራ ድገም የሚል ትእዛዝ) ጻፍኩበት። አንሲብል በቀይ ጽሑፍ መለሰልኝ። ብሎክ ላይ ሉፕ አይቀመጥም፣ አለቀ።

ደክሞኝ ስለነበር ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ብሎኩን ሰባት ጊዜ ኮፒ ፔስት። አራተኛው ኮፒ ላይ የግሩፑን ስም መቀየር ረሳሁ። በማግስቱ ጠዋት የኮምቦልቻው ባልደረባዬ ደወለ፦ «ኧረ አንተ ልጅ፣ የፋይናንስ ፎልደር ለእኛ ለስቶሮቹ ወለል ብሎ ተከፍቷል እኮ! እትዬ ሳያዩት ዝጋው።» እትዬ የሚላቸው የፋይናንስ ኃላፊዋን ነው። ሳያዩት ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ነው መውጫ መንገዶቹን አንድ በአንድ ቁጭ ብዬ ያየሁት። ብዙ ናቸው፣ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የራሱን «ይሄ ነው ትክክሉ» ይላል። እኔ እንዳየሁት ጥያቄው የትኛው ይሻላል አይደለም፤ ድግግሞሹ የት ይኑር ነው። ሞጁሉ (ታስኩን የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ፣ ዳታው ውስጥ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ፣ ኢንቬንተሪው (የማሽኖቹ ዝርዝር) ውስጥ ወይስ ኮድ ውስጥ?

መጀመሪያ፣ ሉፑ ምን ምን አይችልም?

የአንሲብል ሉፕ የሚቀመጠው በአንድ ታስክ ላይ ነው። በቡና ብናስበው፣ ለአሥር እንግዳ አሥር ሲኒ መቅዳት ይችላል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ከቆላው እስከ በረካው ሙሉ ሥርዓቱን ድገም ስትሉት ግን እምቢ ይላል። ብሎክ ላይ አይሠራም። ከሌላ ፋይል ታስኮችን የሚያስገባው ኢምፖርት ታስክስ ላይም አይሠራም፣ ምክንያቱም ኢምፖርት የሚነበበው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ የሉፑን ዝርዝር ገና አያውቀውም።

ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ በቀጥታ መክተትም አይቻልም። በአንድ ማሽን ላይ ደግሞ ዝርዝሩን የሚሄደው በተራ ነው፣ ጎን ለጎን አይደለም። መሃል ላይ «በቃ፣ አቁም» ማለትም ለዓመታት አልነበረም፤ በ2024 የወጣው አንሲብል ኮር 2.18 ነው ብሬክ ዌን የሚባለውን ያመጣው። የእናንተ ከዚያ በታች ከሆነ እርሱት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ተራ ሉፕ ውስጥ ሦስተኛው አይተም (የዝርዝሩ አባል) ቢወድቅ ሉፑ አይቆምም። አራተኛውንም አምስተኛውንም ይሠራል፣ እስከ መጨረሻው ይሄድና ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን «ወድቋል» ብሎ ከቀሪው ሥራ የሚያስወጣው። ይህ አንዳንዴ በረከት ነው፣ አንዳንዴ መዓት።

በምን እንመዝናቸው?

አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ መሃል ላይ ሲወድቅ ምን ይሆናል? እኛ ጋ ይህ የወረቀት ጥያቄ አይደለም፤ ክረምት ላይ ኮምቦልቻ መብራት ሲሄድ እኔ ደሴ ሆኜ አላውቅም፣ የማውቀው ስክሪኑ ላይ «አልተገኘም» ሲለኝ ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? አንሲብል በአብዛኛው ለእያንዳንዱ የሉፕ ዙር ሞጁሉን በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያ መንገድ) ይልካል፣ ያስኬዳል፣ መልሱን ይቀበላል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ይህ ምልልስ ነው ጊዜ የሚበላው። ሦስተኛ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ አንብቦ ይገባዋል ወይ? አራተኛ፣ ደግመን ብናስኬደው ጉዳት አለው ወይስ «የተቀየረ የለም» ብሎ ያልፋል?

1. ዝርዝሩን ለሞጁሉ ራሱ መስጠት

በጣም ቀላሉ መንገድ ሉፑን መተው ነው። እንደ ኤፒቲ እና ዲኤንኤፍ ያሉ ፓኬጅ (ሶፍትዌር) የሚጭኑ ሞጁሎች ስም የሚለው ቦታ ላይ ሙሉ ዝርዝር ይቀበላሉ።

ሒሳቡን እዩት። ሠላሳ ማሽን አላችሁ፣ ሃያ ፓኬጅ ትጭናላችሁ። በሉፕ 600 ጊዜ ሞጁል ይላካል። በዝርዝር 30 ጊዜ ብቻ። ዊዝ አይተምስ በሚባለው በድሮው አጻጻፍ የተማሩ ሰዎች «እኔ ሉፕ ስጠቀም ይፈጥን ነበር» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። የድሮው አንሲብል የፓኬጅ ሉፕን በራሱ ጨፍልቆ አንድ ያደርገው ነበር። ያ ነገር በ2.11 ወጥቷል። አሁን ራሳችሁ ካልጨፈለቃችሁት ማንም አይጨፈልቅላችሁም።

ጉድለቱ፣ ከሃያው የአንዱን ፓኬጅ ስም ከተሳሳታችሁ አንዱም ሳይጫን ይወድቃል። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው። ደግሞ ሁሉም ሞጁል ዝርዝር አይቀበልም፤ ዩዘር የሚባለው ሞጁል ለምሳሌ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈጥረው።

2. ዳታውን ቀድሞ ማሰናዳት

ሉፕ ውስጥ ሉፕ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ነው። ሁለቱን ዝርዝር አንድ ጠፍጣፋ ዝርዝር አድርጉትና አንድ ሉፕ ይበቃል። አንሲብል ዳታውን በሚያሰናዳበት በጂንጃ ቋንቋ ውስጥ ለዚህ የሚሆኑ ፊልተሮች (ዳታ ቀያሪዎች) አሉ፦ ፕሮዳክት፣ ሰብኤለመንትስ፣ ዚፕ፣ ዲክት ቱ አይተምስ።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፣ ምክንያቱም ፕሮዳክት እና ሰብኤለመንትስ ይመሳሰላሉ፣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፕሮዳክት ሁሉን ከሁሉ ጋር ያባዛል። ሰባት ክፍል ሲባዛ ሦስት ፎልደር፣ ሃያ አንድ። ለዚህ ጥሩ ነው። ሰብኤለመንትስ ግን እያንዳንዱን ከራሱ ንብረት ጋር ብቻ ያጣምራል። ሦስት ሠራተኞች አሉ እንበል፣ አንዱ ሁለት የኤስኤስኤች ቁልፍ አለው፣ ሌላው አንድ፣ ሦስተኛው ምንም የለውም። ሰብኤለመንትስ ሦስት ጥንድ ይሰጣችኋል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከባለቤቱ ጋር። ሦስተኛውን ሰውዬ እንዲዘለው ስኪፕ ሚሲንግ የሚለውን ማብራት አትርሱ፣ የቁልፍ ዝርዝር የሚባል ነገር ጭራሽ ካልተጻፈለት ስህተት ይወረውራል። በዚሁ ቦታ በስህተት ፕሮዳክት ብትጠቀሙ ግን የሁሉም ቁልፍ ለሁሉም ሰው ይገባል። ሁሉም በሁሉም ስም ይገባል ማለት ነው። አንሲብልም ምንም ሳይቆጣ አረንጓዴና ቢጫ አሳይቶ ይጨርሳል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከመጠቀማችሁ በፊት ዲበግ በሚባለው ሞጁል ስክሪን ላይ አትሙትና በዓይናችሁ እዩት። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የዚህ መንገድ በሽታ ንባብ ላይ ነው። አምስት ፊልተር በአንድ መስመር የደረደረ ሰው ከሁለት ወር በኋላ የራሱን ጽሑፍ እንደ ጠንቋይ ክታብ ነው የሚያየው። በየደረጃው ስም ሰጥታችሁ በቫሪያብል አስቀምጡ። ሁለት አጭር መስመር ከአንድ ረጅም ይሻላል።

3. ሥራውን ሌላ ፋይል ውስጥ አድርጎ ኢንክሉድ ታስክስን በሉፕ መጥራት

ብሎክ ላይ ሉፕ ለፈለገ ሰው ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው። አራቱን ታስክ ለብቻው ፋይል ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዋናው ፕሌይቡክ ኢንክሉድ ታስክስ ብላችሁ ሉፑን እዚያ ላይ ታደርጋላችሁ። ኢንክሉድ የሚነበበው ሥራው እየሄደ ስለሆነ ሉፕ ይቀበላል። ይሠራል፣ ያምራል፣ ግን ወጥመዶች አሉት፤ እኔ አንድም አልቀረኝም፣ ሁሉም ላይ ወድቄያለሁ።

ስሙ ይጋጫል። ሁለቱም ሉፖች አይተም የሚባል ተለዋጭ ከተጠቀሙ የውስጡ የውጩን ይሸፍነዋል። አንሲብል ያስጠነቅቃል፣ ግን ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ ሉፕ ኮንትሮል ውስጥ ሉፕ ቫር በሚለው ለውጩ ሌላ ስም ስጡት። እኔ «ክፍል» ማለት የሚገባውን በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ፣ እናንተ የፈለጋችሁትን።

አወዳደቁ ይለያል። ተራው ሉፕ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹን ይጨርሳል ብያችሁ ነበር። እዚህ ግን በመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ታስክ ከወደቀ ማሽኑ ወዲያው ይወጣል፣ የቀሩት ስድስት ክፍሎች አይነኩም። ይህንን ካልፈለጋችሁ በፋይሉ ውስጥ ብሎክ እና ሬስኪው (ብሎኩ ሲወድቅ የሚሠራው) አድርጉ። የሚገርመው፣ ብሎክ ላይ ሉፕ አይቻልም እንጂ ሉፕ በሚጠራው ፋይል ውስጥ ብሎክ መኖሩ ምንም ችግር የለውም። እኔ ሬስኪው ውስጥ የወደቀውን ክፍል ስም ወደ አንድ ዝርዝር እጨምርና መጨረሻ ላይ አሳትመዋለሁ።

ሬጂስተር ያደረጋችሁት ነገር፣ ማለትም ያስቀመጣችሁት የታስክ ውጤት፣ ይጠፋል። ተራ ሉፕ ውጤቱን ሁሉ ሪዛልትስ በሚባል ዝርዝር ያጠራቅማል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ይደመስሳል። መጨረሻ ላይ የምታገኙት የሰባተኛውን ክፍል ውጤት ብቻ ነው።

ታጉም (የተወሰኑ ታስኮችን ብቻ ለማስኬድ የሚለጠፍ ምልክት) አይወርስም። ኢንክሉዱ ላይ ያደረጋችሁት ታግ ውስጥ ላሉት ታስኮች አይደርስም፣ አፕላይ የሚለውን መጠቀም አለባችሁ። አንድ ቀን በታግ ለይቼ አስኬድኩና በአምስት ሰከንድ አለቀ። እንዴት ፈጠነ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ምንም አልሠራም።

«እስኪሳካ ድረስ ሙሉ ብሎኩን ድገም» ለማለትም አንቲል (እስኪሳካ ድገም የሚለው ትእዛዝ) ኢንክሉድ ላይ አይሠራም። ሰዎች ፋይሉ ራሱን እንዲጠራ አድርገው ቆጣሪ ይጨምሩበታል። ይሠራል፣ ግን ቆጣሪውን ከረሳችሁ ማቆሚያ የለውም። እዚህ ደረጃ ከደረሳችሁ ወደ ስድስተኛው መንገድ ብትሄዱ ይሻላል ባይ ነኝ።

4. አይተሙን ማሽን ማድረግ

አድ ሆስት የሚባል ሞጁል አለ። በመጀመሪያው ፕሌይ (የፕሌይቡኩ አንድ ምዕራፍ) እያንዳንዱን አይተም ጊዜያዊ ሆስት (ማሽን) አድርጋችሁ አንድ ግሩፕ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ሁለተኛው ፕሌይ በዚያ ግሩፕ ላይ ይሄዳል። ከዚያ ሉፕ የሚባል ነገር የለም፤ አንሲብል ማሽኖች ላይ መሄድ የተፈጠረበት ሥራው ነው።

ሁለት ጥቅም። አንደኛው አንዱ ቢወድቅ ሌላውን አይነካም። ሁለተኛው ጎን ለጎን ይሄዳል፣ በነባሪው አምስት አምስት፣ ፎርክስ የሚለውን ቁጥር ከፍ ካደረጋችሁ ከዚያ በላይ። ሉፑ የሚዞረው በስዊቾች፣ በፕሪንተሮች፣ በቅርንጫፎች ላይ ከሆነ፣ ማለትም አይተሙ በእውነትም የራሱ አድራሻ ያለው ዕቃ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ሉፕ ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ኢንቬንተሪ ውስጥ ነው ቦታው።

ነገር ግን ሰባቱም «ማሽኖች» አንድ ሰርቨር ላይ የሚጠቁሙ ከሆነ አምስት ሰው በአንድ ጠባብ በር እንደሚጋፋ ነው። አንዱ ኤፒቲን ይዞ ሌላው «ተቆልፏል» ይላል። ስሮትልን (በአንድ ጊዜ ስንት ማሽን ይሂድ የሚለውን) አንድ አድርጉት፣ ያኔ ደግሞ ፍጥነቱ ቀረ።

5. ኤሲንክ፣ ፖል ዜሮ

ረጅም ሥራ ከሆነ፣ ባክአፕ፣ ትልቅ ፋይል ማውረድ፣ እንዲህ ያለ፣ ሉፑን «ጀምርና እለፍ» ማለት ይቻላል። ኤሲንክ ላይ ከፍተኛውን ሰከንድ ትሰጣላችሁ፣ ፖልን (በየስንት ሰከንዱ ይጠየቅ የሚለውን) ዜሮ ታደርጋላችሁ። ሁሉም ይጀምራሉ። ቀጥሎ በኤሲንክ ስታተስ እና በአንቲል ማለቃቸውን ትጠይቃላችሁ።

ለእኛ ዓይነቱ መስመር ትልቁ ጥቅሙ ሥራው እዚያው ማሽኑ ላይ መሆኑ ነው፤ ከደሴ ያለው መስመር ቢቋረጥም ኮምቦልቻ ያለው ይቀጥላል። የማሽኑ መብራት ከሄደ ግን ያው ነው። የሰጣችሁት ሰከንድ ካለቀም ሥራው ይገደላል፣ ስለዚህ አትቆጥቡ። ፓኬጅ ለመጫን አትጠቀሙበት፣ ያው የበሩ ግፊያ ይመጣል።

6. በፓይተን የራስን ሞጁል መጻፍ

ፕሌይቡኩ አጠገብ ላይብረሪ የሚባል ፎልደር ከፍታችሁ የፓይተን ፋይል ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ዋይል፣ ብሬክ፣ ሉፕ ውስጥ ሉፕ፣ የፈለጋችሁት አለ። ወደ ማሽኑ የሚላከውም አንዴ ነው፣ ዙሩ እዚያው ይዞራል። ዋጋው፣ «ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም» የሚለውን ራሳችሁ በትክክል መመለስ አለባችሁ፣ ቼክ ሞድንም (ምንም ሳይቀይር መሞከሩን) ራሳችሁ መደገፍ አለባችሁ። እነዚህን የዘለለ ሞጁል አንሲብል የለበሰ ተራ ስክሪፕት ነው። ዳታ ማሰናዳቱ ብቻ ከሆነ የከበዳችሁ፣ ሙሉ ሞጁል አያስፈልግም፤ ፊልተር ፕለጊንስ ፎልደር ውስጥ አሥር መስመር ፓይተን ይበቃል።

7. ከውጭ በባሽ መዞር

ፎር ጽፎ ፕሌይቡኩን እየደጋገሙ መጥራት። በየዙሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ በየዙሩ የማሽኑን መረጃ ይሰበስባል፣ የወደቀውን ካልያዛችሁት ዝም ብሎ ያልፋል። ለአንድ ቀን ሥራ ይሁን። ከዚያ በላይ አይደለም።

| መንገድ | መሃል ሲወድቅ | ምልልስ | ንባብ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ዝርዝር ለሞጁሉ | ሁሉም ወይም ምንም | በጣም ትንሽ | ቀላል | ፓኬጅ |
| ዳታ ማሰናዳት | ሌሎቹን ይጨርሳል፣ ከዚያ ይወድቃል | ብዙ | ፊልተሩ ካልበዛ ደህና | ሉፕ ውስጥ ሉፕ |
| ኢንክሉድ ታስክስ | ወዲያው ይቆማል፣ ሬስኪው ከሌለ | ብዙ | ጥሩ | ብዙ እርምጃ ያለው ሥራ |
| አድ ሆስት | አንዱ ሌላውን አይነካም | ብዙ፣ ግን ጎን ለጎን | መካከለኛ | አድራሻ ያለው ዕቃ |
| ኤሲንክ | ስታተሱን ካልጠየቃችሁ አታውቁም | ብዙ፣ ግን ሳይጠብቅ ያልፋል | መካከለኛ | ረጅም ሥራ፣ ደካማ መስመር |
| የራስ ሞጁል | እንደጻፋችሁት | ትንሽ | ፓይተን ለሚያውቅ | ውስብስብ ሁኔታ |
| ባሽ | ካልያዛችሁት ያልፋል | በጣም ብዙ | ቀላል | የአንድ ቀን ሥራ |

ታዲያ ማን የቱን ይውሰድ?

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ፣ በጀትም ከሌለ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ይበቋችኋል። አንሲብል ነጻ ነው፣ የሚፈልገው ሊኑክስ ያለበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውስ ካላችሁም በደብሊውኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው) ይሄዳል።

እንደ እኛ ሁለት ከተማ ላይ ያላችሁ፣ ሉፑን ከመጠምዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከማሽኖቹ አጠገብ፣ እዚያው ኮምቦልቻ፣ አንድ የተጣለ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫኑና ፕሌይቡኩን ከዚያ አስኬዱት፤ ከደሴ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ቲሙክስ (መስመር ቢቋረጥም የማይዘጋ መስኮት) ውስጥ። ምልልሱ ሁሉ በውስጥ ኔትወርክ ይሆናል፣ መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቋረጥም። አሮጌ ዩፒኤስ ካገኛችሁለት ደግሞ ንጉሥ ናችሁ። እኔ «ሉፑ ቀርፋፋ ነው» ስል የኖርኩት ግማሹ ችግር ሉፑ አልነበረም፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት፣ ማለትም መስመሩ ነበር።

ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ ያለበት ፋብሪካ ወይም ላብራቶሪ ከሆነ አራተኛው። ኢንቬንተሪያችሁን በደንብ ካደራጃችሁ አድ ሆስት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ተማሪ ከሆናችሁ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ ልጆችን ጨምሮ፣ ስድስተኛውን ለመማር ብላችሁ አንድ ጊዜ ጻፉ። ቢሮ ስትገቡ ግን መጀመሪያ እሱን አትምዘዙ፣ እናንተ ስትለቁ የሚያነበው ላይኖር ይችላል።

ቡድን ካላችሁና ትንሽ በጀት ከተገኘ ኤደብሊውኤክስ (አንሲብልን በድረ ገጽ የሚያስተዳድር) ልትተክሉ ታስቡ ይሆናል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ማን ምን እንዳስኬደ ያሳያል። ነገር ግን ኩበርኔቲስ የሚባል ሌላ ከባድ ሲስተም ይፈልጋል፣ ራምም ይበላል፣ የሉፑን ገደብ ደግሞ አንዲት ጣት አያነሳውም። ለሉፕ ብላችሁ አትትከሉት።

የእኔን ሰባት ኮፒ ወደ አንድ ፋይል እና ወደ አንድ የክፍሎች ዝርዝር ቀየርኩት፣ ሬስኪውም ገባበት። በቅርቡ ስምንተኛ ክፍል ተከፈተ። አንድ መስመር ጨምሬ አስኬድኩና ለኮምቦልቻው ባልደረባዬ ደውዬ «እስቲ እየው፣ የማንም ፎልደር ተከፍቶብህ ይሆን?» አልኩት። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ይሰማኛል። «አብሽር» አለኝ። «የራሴም አልከፈት ብሎኛል።»

ከአካውንቱ ወጥቶ እንደገና እንዲገባ ነገርኩት። ከፈተ።